በቀን የተጻፈ መዝገብና በስም የሚፈለግ ሰው
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል



ስለ መዝገብ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ምን ተጽፎበታል?» የሚለው ነው። መዝገቡ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተደረደረ፣ ፈላጊውም በየትኛው በር ገብቶ እንደሚያገኘው የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ይህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የውስጥ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ቀን የያዙ ሁለት መዝገቦች፣ አንዱ በቀን ሌላው በስም በመደርደራቸው ብቻ፣ አንዱ የነጻነት ጠባቂ ሌላው የሰው ስም አጥፊ ሊሆኑ ይችላሉ። የዛሬው ንግግር ይህንኑ በአንድ አገር ምሳሌ ለማሳየት የታሰበ ነው። ምሳሌውም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በየካውንቲው የሚገኘው የእስር መዝገብና የመያዣ ትእዛዝ ለሕዝብ ክፍት የመሆኑ ጉዳይ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካውንቲ ማለት ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ወረዳ ወይም አውራጃ ሲባል ከኖረው ጋር በሩቁ ቢመሳሰልም ትክክለኛ አቻ የለውም። በጠቅላላው ከ3,000 ይበልጣሉ፤ በሉዊዚያና «ፓሪሽ»፣ በአላስካ ደግሞ «ቦሮ» ይባላሉ። በአብዛኛዎቹ ክፍላተ ግዛት የካውንቲው ጸጥታና እስር ቤት ኃላፊ ሸሪፉ ነው፤ እርሱም በሹመት ሳይሆን በሕዝብ ምርጫ ሥልጣን የሚይዝ ሰው ነው። ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የካውንቲ እስር ቤት በብዛት የሚይዘው ገና ያልተፈረደባቸውንና አጭር ቅጣት የሚፈጽሙትን መሆኑ ነው፤ ረዥም ቅጣት የተፈረደበት ወደ ክፍለ ግዛቱ ወኅኒ ይላካል። እንግዲህ የካውንቲው የእስር መዝገብ የወንጀለኞች ስም ዝርዝር አይደለም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ መንግሥት የእገሌን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ አስገባ የሚል የመንግሥት ሥራ ማስታወሻ ነው።

የተያዘው ሰው እስር ቤቱ ሲደርስ ስሙ፣ የትውልድ ቀኑና መልኩ ይጻፋል፤ የጣት አሻራው ይወሰዳል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ኪሱ ውስጥ የተገኘው ዕቃ ይቆጠራል፤ የተያዘበት ምክንያትና የዋስትናው ገንዘብ ልክ ይመዘገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳኛ ፊት ከመቅረቡ፣ አንዳንድ ጊዜም ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት ከመወሰኑ በፊት ነው። ክሱ ጨርሶ ላይመሠረት ይችላል። መዝገቡ ግን ተጽፏል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ገና ያልተጣራ ነገር ለምን ለሕዝብ ክፍት ሆነ? መልሱ ቀላል ነው፤ በስውር መታሰር ከእስራት ሁሉ የከፋ ስለ ሆነ ነው። ሰው ከቤቱ ተወስዶ ቤተሰቡ የት እንደ ገባ ካላወቀ፣ ሕግ አዋቂም ዋስም ሊደርስለት አይችልም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ በ1791 ሲጸድቅ፣ የመያዣና የብርበራ ትእዛዝ በቂ ምክንያት ሳይኖር፣ ምክንያቱም በመሐላ ሳይረጋገጥ፣ የሚበረበረው ስፍራና የሚያዘው ሰው ተለይቶ ሳይጠቀስ እንዳይሰጥ የደነገገው፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የጉምሩክ ሹማምንት ስም ያልተጻፈበት ጠቅላላ ትእዛዝ ይዘው በየቤቱ ይገቡ ስለ ነበረ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በወረቀት ላይ ስም እንዲጻፍ የተፈለገው መንግሥቱን ለመገደብ ነው። በ1991 ከካሊፎርኒያ ከሪቨርሳይድ ካውንቲ በመጣ ጉዳይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ያለ ትእዛዝ የተያዘ ሰው መያዙ በቂ ምክንያት ያለው መሆኑን ዳኛ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያጣራ ወስኗል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቁጥር እንግዳ አይሆንበትም። ሰዓቱ መቼ መቆጠር እንደ ጀመረ ማረጋገጥ የሚቻለው ደግሞ የመግቢያው ሰዓት በማይፋቅ መዝገብ ሲጻፍና ሌላም ሰው ሊያየው ሲችል ብቻ ነው።

የፌዴራሉ የመረጃ ነጻነት ሕግ በ1966 ቢወጣም የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ስለ ሆነ ሸሪፉን አይነካውም። ካውንቲውን የሚገዛው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው፤ እርሱም እንደ አገሩ ይለያያል። የካሊፎርኒያ ሕግ በ1968 የወጣ ሲሆን፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ስም፣ ሥራ፣ መልክ፣ የተያዘበትንና የተመዘገበበትን ቀንና ሰዓት፣ የዋስትናውን መጠን፣ ያለበትን ስፍራና የተያዘበትን ክስ ሁሉ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ምርመራውን የሚያበላሽ ወይም የሰው ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ሊከለክል ይችላል። በዊስኮንሲን ደግሞ የሚልዋኪ ከተማ ፖሊስ አዛዥ የተያዙትን ሰዎች ስም እያሳየ የተያዙበትን ምክንያት ለጋዜጠኞች አላሳይም ባለ ጊዜ፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ምክንያቱም ሊገለጽ ይገባል ሲል ወስኗል። ምክንያት የሌለው ስም ከሁሉ ይከፋል፤ ሰሚው የፈለገውን ይጨምርበታልና።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ በዓይነ ኅሊና የሚታየው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አንድ ትልቅ ደብተር ነው። ደብተሩ በቀን የተጻፈ ነው። ጋዜጠኛው በማለዳ መጥቶ የትናንቱን ገጽ ይገልጣል፤ የታሰረ ልጇን የምትፈልግ እናት የዛሬውን ትጠይቃለች። ደብተሩ «ትናንት ማታ ሸሪፉ ምን ሠራ?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል። «እገሌ የሚባለው ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ታስሯል?» ለሚለው ግን፣ የአርባ ዓመት ገጽ ሁሉ ካልተገለጠ በቀር፣ አይመልስም።

ይህን ልዩነት የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ሳያስተውሉት አልቀሩም። የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1975 አውጥቶ በ1976 ባሻሻለው ደንብ ስለ ወንጀል ታሪክ መረጃ አያያዝ ሲወስን፣ ፍርድ ያላገኘ የእስር ታሪክ እንደ ልብ እንዳይሰራጭ ገደብ አደረገ። ነገር ግን በቀን ቅደም ተከተል የሚጻፈውንና በሕግ ወይም በቆየ ልማድ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን የፖሊስ የዕለት መዝገብ ከገደቡ ውጭ አደረገው። አንቀጹ አጭርና ደረቅ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያነብበው አልፎታል። ቢሆንም ስለ መዝገብ ከተጻፉት ደንቦች ሁሉ አስተዋይነት የታየበት አንቀጽ ነው ለማለት ይቻላል፤ አንድን ቃል ክፍት ወይም ዝግ የሚያደርገው ይዘቱ ሳይሆን አደራደሩ መሆኑን ተረድቷልና።

በዚያው ዓመት ከኬንታኪ ከሉዊቪል የመጣ አንድ ጉዳይ ነገሩን ከሌላው ወገን ያሳያል። ፖሊሶች በ1972 በሱቅ ውስጥ ይሰርቃሉ የተባሉ ሰዎችን ፎቶግራፍ በአምስት ገጽ አትመው ወደ 800 ለሚጠጉ ነጋዴዎች በተኑ። ከነዚህ አንዱ አንድ ጊዜ ተይዞ የነበረ፣ ገና ያልተፈረደበት ሰው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክሱ ተሰረዘለት። ሰውየው ቢከስም በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የመልካም ስም መጉደፍ ብቻውን የሕገ መንግሥት ጥያቄ አያስነሣም ብሎ አሰናበተው። የዚያ ወረቀት ፎቶግራፎች የተደረደሩት በቀን አልነበረም፤ በስም ፊደል ተራ ነበር።

ከ13 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ልዩነት በጥልቀት ተመለከተው። ጋዜጠኞች የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ስለ አንድ ሰው የሰበሰበውን የእስርና የክስ ታሪክ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ በየካውንቲው ለሕዝብ ክፍት የነበረ ስለ ሆነ የሚደበቅ ነገር የለም ሲሉም ተከራከሩ። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ በ1989 በጻፉት ፍርድ ክርክሩ ውድቅ ሆነ። በየካውንቲው ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ተበታትኖ፣ በብዙ ድካም ብቻ ሊገኝ የሚችል ወረቀትና፣ ያው ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በሰው ስም የተቀመጠ መረጃ አንድ አይደሉም ተባለ። ድካሙና ርቀቱ ራሱ ለሰውየው መጠጊያ ነበር፤ ሕጉም ለዚህ መጠጊያ ዋጋ ሰጠው። ይሁን እንጂ ፍርዱ የተሰጠው በፌዴራሉ ሕግ ላይ ነው። ካውንቲዎቹ በቀድሞ መንገዳቸው ቀጠሉ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኢንተርኔት መጣ፣ ያ መጠጊያም ጠፋ።

የጠፋበትን መንገድ በግልጽ የሚያሳየው በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው የበክስ ካውንቲ ታሪክ ነው። ካውንቲው በ2008 ሰው ስም ጽፎ በእስር ቤቱ ያለፉትን የሚፈልግበት ገጽ በኢንተርኔት ከፈተ። ገጹ የዚያን ቀን እስረኞች ብቻ የያዘ አልነበረም፤ ከ1938 እስከ 2013 ድረስ የገቡት፣ ቁጥራቸው 67,000 ገደማ የሚሆን ሰዎች መረጃ በአንድነት ተከማችቶበት ነበር። ከነዚህ መካከል በ1998 ታስሮ፣ የእስር መዝገቡ በ2000 በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲጠፋ የተደረገለት አንድ ሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ ከሕግ አንጻር አልነበረም ያለው ነገር፣ ከፎቶግራፉ ጋር፣ ለዓለም ሁሉ ይታይ ነበር። ሰውየው በራሱና በሌሎቹ ስም ከሰሰ፤ በ2019 የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች ጉባኤ ካውንቲው የክፍለ ግዛቱን የወንጀል ታሪክ መረጃ ሕግ ሆን ብሎ እንደ ጣሰ ወስኖ፣ በክሱ ለታቀፈው ለእያንዳንዱ ሰው 1,000 ዶላር ፈረደ። የገጹ ሠራተኞች ክፉ ሰዎች ነበሩ የሚል የለም። ያደረጉት ነገር ቢኖር የቀኑን ደብተር ወደ ስም ማውጫ መለወጥ ነው፤ ይህንንም ሲያደርጉ አዲስ መዝገብ እንደ ፈጠሩ አላሰቡትም።

ከዚያም ነጋዴው ተከተለ። ከየሸሪፉ ገጽ ፎቶግራፉን እየለቀሙ በራሳቸው ገጽ የሚያትሙ፣ ባለቤቱ «አንሡልኝ» ሲላቸውም ገንዘብ የሚጠይቁ ድርጅቶች በቀሉ። የከፈለ ሰው ከአንዱ ቢነሣለት በሌላው ይገኛል። በ2013 የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ነጻ የወጣ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ክፍያ እንዲነሣ አዘዘ፤ በዚያው ዓመት ዩታ፣ ለማንሣት ገንዘብ ለሚጠይቅ አታሚ ሸሪፉ ፎቶግራፉን እንዳይሰጥ ከለከለ፤ ካሊፎርኒያም በ2014 ክፍያውን ሕገ ወጥ አደረገች። በፌዴራሉ ዘንድ ነገሩ የተለየ መልክ ነበረው። ሲንሲናቲ የሚያስችለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1996 የተከሳሾች ፎቶግራፍ ለጋዜጣ እንዲሰጥ ፈቅዶ ሲያበቃ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በ2016 የራሱን ፍርድ ሻረ። በመካከሉ የተለወጠው ሕጉ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የታተመ ፎቶግራፍ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ነው። የጋዜጣ ወረቀት በማግሥቱ ሽንኩርት ይጠቀለልበት ነበር።

ስለ መያዣ ትእዛዝ ደግሞ ለብቻው መነገር ያለበት አለ። ዳኛ የሚሰጠው ትእዛዝ እስኪፈጸም ድረስ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ ተፈላጊው ሰምቶ እንዳይሰወር። ከተፈጸመ በኋላ ትእዛዙና የተመሠረተበት የመሐላ ቃል ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ተመልሶ፣ ዳኛው በልዩ ምክንያት ካልከለከለ በቀር፣ ይከፈታል። ነገር ግን ቁጥሩ እጅግ የሚበዛው ትእዛዝ ነፍሰ ገዳይ የሚታደንበት አይደለም። ቀጠሮ ቀርቶ ወይም የትራፊክ መቀጮ ሳይከፈል ቀርቶ የሚወጣ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር በማርች 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በሴንት ሉዊስ ካውንቲ የምትገኘው የፈርግሰን ከተማ ፍርድ ቤት ያወጣባቸውና ገና ያልተፈጸመ የመያዣ ትእዛዝ ያለባቸው ሰዎች በዲሴምበር 2014 ከ16,000 በላይ እንደ ነበሩ ገልጿል፤ የከተማይቱ ሕዝብ ደግሞ 21,000 ገደማ ነው። ተፈላጊዎቹ ሁሉ የከተማዋ ነዋሪዎች ባይሆኑም፣ ይህን የሚያህል ቁጥር የሚያመለክተው የሰዎቹን ወንጀለኛነት ሳይሆን የፍርድ ቤቱን የገቢ ፍላጎት ነው፤ ሚኒስቴሩም የደረሰበት መደምደሚያ ይኸው ነበር። ያልተፈጸሙትን ትእዛዞች በገጻቸው የሚዘረዝሩ ሸሪፎች አሉ። በነፍስ ግድያ ለሚፈለግ ይህ አይጠቅምም፤ ቀጠሮው ለተረሳ ሰው ግን ከሕግ አዋቂ ጋር ቀርቦ ጉዳዩን እንዲጨርስ ስለሚረዳው ጠቃሚ ነው።

ችግሩ ትእዛዝ የሚሻር ነገር መሆኑ ነው፤ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ሽረቱን አይከተልም። በአላባማ በ2004 የሆነው ለመዝገብ ቤት ሰው ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በኮፊ ካውንቲ አንድ ሰው ከተያዘ መኪናው ዕቃ ሊያወጣ ወደ ሸሪፉ ቢሮ ይሄዳል። የሚያውቀው መርማሪ የትእዛዝ መዝገብ ያዧን «ይፈለጋል ወይ?» ይላታል፤ በካውንቲው አይፈለግም። በጎረቤት በዴል ካውንቲ እንድትጠይቅለት ያዛታል። የዴል ካውንቲዋ ባልደረባ ኮምፒዩተሩን ተመልክታ «አዎን፣ ቀጠሮ በመቅረት ይፈለጋል» ትላለች። ሰውየው መንገድ ላይ ተይዞ ይፈተሻል፤ ከኪሱ አደንዛዥ ዕፅ፣ ከመኪናው ሽጉጥ ይገኛል። በዚህ መካከል የዴል ካውንቲዋ ሠራተኛ ትእዛዙን በፋክስ ለመላክ ወደ መሳቢያው ሄዳ ወረቀቱን ብትፈልገው ታጣዋለች። ወደ ፍርድ ቤቱ ትደውላለች፤ ትእዛዙ ከአምስት ወር በፊት ተሽሯል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ስሕተቱ ታወቀ፤ እስሩ ግን ተፈጽሞ ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2009 በ5 ለ4 ድምፅ ተወሰነ። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ፣ ስሕተቱ ተራ የመዝገብ አያያዝ ቸልተኝነት ስለ ሆነ የተገኘው ማስረጃ አይጣልም አሉ። ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ በተቃውሞ ሐሳባቸው፣ የፖሊስ ሥራ ሁሉ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ በተመሠረተበት ዘመን የመዝገቡ ስሕተት ቀላል አለመሆኑን አስረዱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እውነቱን የተናገረው መሳቢያው ነው፤ እርሱም የተናገረው ባዶ በመሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ የተሻረውን ትእዛዝ እንደ ሕያው ይዞት ቆይቷል። በዚያ ካውንቲ ተፈላጊው በፖሊስ ስልክ ነበር የተጠየቀው፤ ያው ዝርዝር በኢንተርኔት ቢሰቀል ደግሞ ጠያቂው አሠሪው፣ ቤት አከራዩ፣ ጎረቤቱ ነው፤ ከነዚህም አንዱ እንኳ ወደ መሳቢያው ሄዶ የሚያይ የለም።

ከዚህ ደርሶ ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አለመሆኑን ማንሣት ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሞንጎመሪ፣ በፌርፋክስና በአርሊንግተን ካውንቲዎች የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ ለታክሲ ፈቃድ፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ፣ ለቤት ኪራይ ሁሉ የኋላ ታሪኩ በስም ይፈለጋል። የስም ፍለጋ ደግሞ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ በመጨረሻው ቦታ የሚገባው የአባቱ ስም ነው። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ስንት እንደ ሆነ ማን ይቆጥራል? «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ «መሐመድ»ም እንዲሁ። በዚህ ላይ ከስደተኛ ጣቢያ የመጡ ብዙዎች የትውልድ ቀናቸው በወረቀት ሳይኖር «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙም ቀኑም የተገጣጠመ ሰው ማግኘት በሌላው ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ሊሆን ይችላል፤ በነዚህ ዘንድ ግን ብርቅ አይደለም። ስምን ከስም ብቻ ማገናኘት የሚያመጣው ጣጣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ታይቷል። አንድ ትልቅ የብድር መረጃ ድርጅት የሰዎችን ስም ከመንግሥት የአሸባሪዎች ዝርዝር ጋር በመጀመሪያና በመጨረሻ ስም ብቻ እያስተያየ 8,185 ሰዎችን ተጠርጣሪ አድርጎ ምልክት አኑሮባቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ለመክሰስ መብት አላቸው ያለው ምልክቱ ለሌላ ወገን የተላከባቸውን 1,853 ሰዎች ብቻ ነው። የቀሩት ምልክቱ በመሳቢያ ውስጥ የቀረ በመሆኑ አልተጎዱም ተብሏል።

ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ማመልከቻው መቼም ይሁን መታሰሩን ይጠይቃል፤ መዝገቡ የተዘጋም የጠፋም ቢሆን መግለጽ ግዴታ ነው። ክፍለ ግዛቱ «እንዳልነበረ ቁጠረው» ያለውን፣ የፌዴራሉ መንግሥት «ንገረኝ» ይላል። አንዳንድ ሰው ዳኛው መዝገቡን አጥፍቶልኛል ብሎ «አልታሰርኩም» ሲል ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጎዳው የቀድሞው እስር ሳይሆን ይህ መልስ ነው።

መፍትሔ ተብሎ በየክፍለ ግዛቱ እየተስፋፋ ያለው መዝገቡ በራሱ ጊዜ የሚዘጋበት ሕግ ነው። ፔንሲልቫኒያ በ2018 የመጀመሪያዋ ሆና አወጣች፤ ዩታና ካሊፎርኒያ በ2019፣ ሚሺጋን በ2020 ተከተሉ። ባለቤቱ ሳያመለክት፣ ጠበቃ ሳይቀጥር፣ ፍርድ ያላገኘው ክስና ቀላሉ ጥፋት በኮምፒዩተር ተመርጦ ይዘጋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ለድኻው ይበልጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፣ ነጋዴው ቀድሞ የገለበጠውን ቅጂ አይደርስበትም። ሁለተኛውን አጥብቀው የሚያነሡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ንቀቱም አይገባም። አንድ ፖሊስ በአንድ ሰፈር ያሉ ወጣቶችን እየያዘ በማግሥቱ ያለ ክስ የሚለቅ ቢሆን፣ ያለ ክስ የተለቀቁት መዝገቦች ሁሉ ሲጠፉ የፖሊሱም ሥራ አብሮ ይጠፋል። የተያዘውን ለመሸፈን የተዘረጋው መጋረጃ ያዡንም ይሸፍነዋል።

መውጫው አስቀድሞ በ1976 ደንብ ውስጥ ተጠቁሞ ነበር። የቀኑ ደብተር ይከፈት፤ ማን፣ መቼ፣ በማን እጅ፣ በምን ምክንያት እንደ ተያዘ በየዕለቱ ይውጣ፤ ስለ ያዡም መሥሪያ ቤት በስሙ ይፈለግ። በግለሰቡ ስም የሚፈለገው ማውጫ ግን በኢንተርኔት ለዘላለም አይንጠልጠል። እስረኛው እስከ ወጣበት ቀን፣ ምናልባትም ለጥቂት ሳምንታት፣ ቤተሰብ ሊፈልገው ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚሻ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሂድ፤ የክሱን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም እዚያ ያገኛል። የመያዣ ትእዛዝ ዝርዝርም ከዋናው ወረቀት ጋር የተመሳከረበትን ቀን በጎኑ ይያዝ። ይህ ድካም ይጨምራል የሚል ይኖራል፤ እርግጥ ነው፣ ይጨምራል። የተነሣው ጉዳይ ግን ያ ድካም ከማን ትከሻ ላይ መውረድ እንዳለበት ነው፤ እስከ አሁን የወረደው ከፈላጊው ላይ ሲሆን የተጫነው ነጻ በወጣው ሰው ላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ በዚያ አገር ዘመድ ያላቸው ወይም ከዚያ የመጣ ወረቀት የሚቀርብላቸው የማኅበሩ አባላት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የኋላ ታሪክ እየሸጠ የሚኖር ድርጅት ፍርድ ያላገኘን እስር ከሰባት ዓመት በኋላ በሪፖርቱ እንዳያወጣ በመሠረቱ ይከለክላል፤ ከፍ ያለ ደመወዝ ላለው ሥራ ግን ይህ ገደብ አይሠራም። ስሕተት ነው ተብሎ ሲመለከትለትም ድርጅቱ መርምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ፣ መልስ መስጠት አለበት። አቤቱታው የሚሰማው ግን ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ማስረጃውም ክሱ የተሰረዘበት ወይም ተከሳሹ ነጻ የወጣበት ውሳኔ፣ የካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ፊርማና ማኅተም ያለበት የተረጋገጠ ግልባጭ ነው። ይህ ግልባጭ መውጣት ያለበት መዝገቡ እንዲጠፋ ከመታዘዙ በፊት ነው። አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ መዝገብ ቤቱ «እንዲህ ያለ ጉዳይ የለንም» ከማለት በቀር የሚሰጠው ነገር አይኖረውም።